ድጎማ ምጽዋት ነውን ወይስ ዕዳ?

መንግሥት ለገበሬ የሚሰጠው ድጎማ በየዘመኑና በየአገሩ ብዙ ክርክር ያስነሣ ጉዳይ ነው። የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ስለ ትርፉና ስለ ኪሣራው ይከራከሩበታል፤ ሹማምንት ስለ በጀቱ ይመክሩበታል፤ ነጋዴውም በገበያው ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ያሰላበታል። ነገር ግን ከትርፉና ከበጀቱ አስቀድሞ ሊመለስ የሚገባው አንድ ጥያቄ አለ፤ እርሱም የግብረ ገብ ጥያቄ ነው። የሕዝብ ገንዘብ ከግምጃ ቤት ወጥቶ ለአራሹ በተሰጠ ጊዜ፣ በእውነቱ ሰጪው ማን ነው? ተቀባዩስ ማን ነው? ተቀባዩ ውለታ ተደረገለት ይባላልን ወይስ የሚገባውን አገኘ? በአጭር ቃል፣ ድጎማ ምጽዋት ነውን ወይስ ዕዳ?

ምናልባት አንድ አንባቢ፣ «ገንዘቡ ከደረሰ ስሙ ምን ቢሆን ምን ይጎዳል?» ይል ይሆናል። ይሁን እንጂ ስም አሰጣጥን ይወስናል። ምጽዋት የሰጪው ፈቃድ ነው፤ ሊቀር ይችላል፤ ሊዘገይ ይችላል፤ ሰጪው ለወደደው ሰጥቶ ያልወደደውን ቢያልፈው ከሳሽ የለበትም። ዕዳ ግን ልክ አለው፤ ቀን አለው፤ ባለቤትም አለው። ባለዕዳው ዘግይቶ ቢከፍል ይወቀሳል፤ ለሌላ ሰው ቢከፍል ደግሞ ዕዳው ከነጭራሹ እንዳልተከፈለ ይቈጠራል። ስለዚህ ጥያቄው የቃላት ጨዋታ አይደለም፤ የብዙ ሚሊዮን አባወራዎችና እማወራዎች ኑሮ የሚመዘንበት ሚዛን ነው።

ነገሩን ለማስረዳት ከመጽሐፍ ይልቅ ገጠሩ ራሱ የተሻለ መምህር ነው። በገጠራችን ሰው ሰውን የሚረዳበት ሥርዓት አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው ምጽዋት ነው፤ ያለው ለሌለው ይሰጣል፣ ተቀባዩም መርቆ ይሄዳል። ሁለተኛው ደቦ ነው፤ አጨዳ የበረታበት ሰው ጠላውን ጠምቆ፣ እንጀራውን ጋግሮ ጎረቤቶቹን ይጠራል፤ እነርሱም በአንድ ቀን ማሳውን አጭደውለት፣ በልተውና ጠጥተው፣ ዘፍነውም ይመለሳሉ። ሦስተኛው ወንፈል ነው። በወንፈል ዛሬ እኔ ከነበሬዎቼ ለአንተ ባርስ፣ ነገ አንተ ከነበሬዎችህ ለእኔ ታርሳለህ፤ ቀን በቀን ይመለሳል። በወንፈል ውስጥ ለማኝም ለጋስም የለም። ዛሬ የታረሰለት ሰው አንገቱን አይደፋም፤ ትናንት ያረሰውም ደረቱን አይነፋም፤ ሁለቱ እኩያሞች ናቸውና። የሚያሳፍረው ተረድቶ መገኘት ሳይሆን፣ ተራው ሲደርስ መቅረት ነው።

እንግዲህ የመንግሥት ድጎማ ከእነዚህ ከሦስቱ ለየትኛው ይቀርባል? የብዙ ሰው አነጋገር ወደ ምጽዋት ያደላል፤ «ለገበሬው ተደረገለት፣ ተሰጠው፣ ተለገሰው» ይባላል። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ግን ድጎማ በትክክል ሲታሰብ ወንፈል ነው የሚል ነው፤ ያውም ተራው በብዙ የዘገየ ወንፈል።

በመጀመሪያ የሚመጣውን ተቃውሞ እንስማ። «ሸማኔውም ይሠራል፤ ጫማ ሰፊውም ይሠራል፤ አናጢውም ይደክማል። ለእነርሱ ያልተደረገው ለገበሬው ለምን ይደረጋል?» የሚሉ አሉ። ጥያቄው ፍትሐዊ ነው፤ መልስም ይገባዋል።

የገበሬው ሥራ ከሌላው ሥራ የሚለይበት አንደኛው ነገር ለሰማይ የተጋለጠ መሆኑ ነው። ሸማኔው ድርና ማጉን ካሰናዳ ኩታው እንደሚወጣለት ያውቃል። ገበሬው ግን በሰኔ ዘርቶ በኅዳር ምን እንደሚያጭድ አያውቅም፤ ዝናቡ ሊቀር፣ ውርጩ ሊመታው፣ አንበጣ ሊወርድበት ይችላል። ሁለተኛው ነገር የገበያው ጠባይ ነው። አዝመራ ሲገባ ሁሉም በአንድ ጊዜ እህል ይዞ ይወጣል፤ ግብር የሚከፈለው፣ ብድር የሚመለሰው፣ ሠርግ የሚደገሰው በዚያው ወራት ነውና። ስለዚህ በታኅሣሥና በጥር ዋጋው ይወድቃል። በሐምሌና በነሐሴ ጎተራው ሲራቆት ዋጋው ይወጣል፤ በርካሽ የሸጠው ገበሬ ራሱ ያንኑ እህል በውድ ለመግዛት ይገደዳል። ሌላው ነጋዴ ዕቃውን ዋጋ እስኪያወጣ ሊያቈየው ይችላል፤ ድሀ ገበሬ ግን ለማቈየት ዐቅም የለውም።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ምክንያት ግን ይህ ነው። እህል እንደ ሌላው ዕቃ አይደለም። የጫማ ዋጋ ቢወጣ ሰው በአሮጌው ጫማ ይሰነብታል፤ የእንጀራ ዋጋ ቢወጣ ግን የከተማው ቀን ሠራተኛ ልጆቹን ጦማቸውን ያሳድራል። ስለዚህ መንግሥታት ሁሉ እህል እንዲረክስ ይመኛሉ። የእህል መርከስ ደግሞ ለበላተኛው ደስታ፣ ለአምራቹ ግን ጉዳት ነው። በዚህ ቦታ ሁለት ድሆች ፊት ለፊት ይገናኛሉ፤ አንዱ በከተማ የሚበላ ድሀ፣ ሁለተኛው በገጠር የሚያበላ ድሀ። ለአንዱ ያዘንህ እንደ ሆነ ሌላውን ትጎዳለህ። እንግዲህ ርካሽ እንጀራ የተባለ ሁሉ ዋጋው በሆነ ሰው ተከፍሏል ማለት ነው። ጥያቄው የሚከፈል ነው ወይስ አይደለም የሚል ሳይሆን፣ ከፋዩ ማን ይሁን የሚል ነው።

ከፋዩ ገበሬው ብቻ ሲሆን ምን እንደሚመስል የአገራችን ታሪክ ይመሰክራል። በ1960ዎቹ መጨረሻ የተቋቋመው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ከየገበሬ ማኅበሩ በኮታ እህል ይሰበስብ ነበር። ዋጋው በመንግሥት የተቈረጠና ከነጻው ገበያ በብዙ ያነሰ ነበር። እህሉም ለጦር ሠራዊቱ፣ ለሆስፒታሉ፣ ለከተማው ቀበሌ ሱቅ ይከፋፈል ነበር። አዝመራው ሳይሰጥ የቀረበት ገበሬም ኮታው አልቀረለትም፤ ከገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ ያስረከበ ብዙ ነው። ይህ ሥርዓት እስከ 1982 ዓ.ም. ድረስ ቈይቶ በዚያ ዓመት በኢኮኖሚው ፖሊሲ ለውጥ ቀረ። እነሆ፣ በእነዚያ ዓመታት ደጓሚው ማን ነበር? ተደጓሚውስ ማን ነበር? ቃሉን በትክክል ከተጠቀምንበት፣ በባዶ እግሩ የሚሄደው አራሽ ደመወዝ የሚቀበለውን ከተሜ ሲደጉም ኖሯል። ለዚህም ያመሰገነው የለም፤ በመዝገብም «የገበሬው ልግስና» ተብሎ የተጻፈ ቦታ የለም።

ስለዚህ ዛሬ ግምጃ ቤቱ ከሁላችን ግብር ሰብስቦ የገበሬውን የማዳበሪያ ወይም የዘር ዋጋ በከፊል ሲከፍል፣ ለጋስ ሆነ አይባልም። በሁለቱ ድሆች መካከል ያለውን ልዩነት አንዱ ብቻ እንዳይሸከመው፣ አገር በሙሉ ተካፍሎ ተሸከመው ማለት ነው። ይህ ምጽዋት አይደለም፤ ተራን መመለስ ነው።

ነገር ግን «ዕዳ ነው» ብሎ ማቆም አይበቃም። ዕዳ ከሆነ ለባለቤቱ መድረስ አለበት። በዚህ ረገድ የሌሎች አገሮች ታሪክ ብዙ ያስተምራል። (የውጭ አገሮችን ነገር ስናነሣ ዘመኑ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።)

በአሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ጊዜ የእርሻ ዋጋ እጅግ ወድቆ ገበሬው ከስሮ ነበር። በ1933 በፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ዘመን በወጣው የእርሻ ማስተካከያ ሕግ መሠረት፣ ምርት ቀንሶ ዋጋው ከፍ እንዲል፣ መሬቱን ሳያርስ ለሚተው ሰው መንግሥት ገንዘብ ይከፍለው ጀመር። በዚያው ዓመት የበቀለ ጥጥ ከ10 ሚሊዮን ኤከር ያህል መሬት ላይ ተገለበጠ፤ 6 ሚሊዮን ያህል አሳማዎችም ዋጋቸው እንዲወጣ ተብሎ ታረዱ። ሰው በተራበበት ዘመን ምግብ ማጥፋት ብዙዎችን እንዳሳዘነ ግልጽ ነው። ከዚህ ይልቅ ለእኛ ነገር የሚጠቅመው ግን የገንዘቡ አካሄድ ነው። በደቡብ ክፍለ ሀገሮች ጥጡን የሚያርሱት ብዙዎቹ መሬት የሌላቸው የእኩል አራሾች ነበሩ፤ ጥቁሮችም ነጮችም ነበሩባቸው። ክፍያው ግን የተሰጠው ለባለመሬቱ ነው። ባለመሬቱ መሬቱን ላለማረስ ከተከፈለው እኩል አራሹ ምን ያደርግለታል? ስለዚህ ብዙዎች ከነቤተሰባቸው ተባረሩ። በ1934 በአርካንሶ ክፍለ ሀገር የተመሠረተው የደቡብ ጭሰኛ ገበሬዎች ማኅበር የተወለደው ከዚህ በደል ነው። ለገበሬ የታሰበ ገንዘብ ገበሬን አፈናቀለ።

ይህ የሩቅ አገር ነገር ብቻ እንዳይመስለን። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን መንግሥት ርዳታ በአርሲ ውስጥ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ዓላማው ትንሹን ገበሬና ጭሰኛውን መርዳት ነበር፤ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በብድር አቀረበ፤ ምርቱም አደገ። ነገር ግን እርሻ ትርፍ እንዳለው ባለርስቶች ባዩ ጊዜ፣ ያለ ቀረጥ የሚገባውን ትራክተር እያመጡ ራሳቸው ማረስ ጀመሩ፤ ብዙ ጭሰኞችም ከኖሩበት መሬት ተነቀሉ። አርካንሶና ጭላሎ በዘመንም በባሕርም የተራራቁ ናቸው፤ ትምህርታቸው ግን አንድ ነው። ርዳታ መሬትን ተከትሎ ከሄደ ለመሬት ባለቤት ይደርሳል፤ ላብን ተከትሎ ከሄደ ግን ለአራሹ ይደርሳል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ጭሰኝነት በአገራችን ቀርቷል፤ ነገር ግን ገንዘብ ወደ ብርቱው የማዘንበል ጠባዩ በዐዋጅ አልተሻረም። የአውሮፓ ማኅበርም ከ1962 ጀምሮ በያዘው የጋራ የእርሻ ፖሊሲ ይህንኑ አይቷል። ክፍያው በመሬት ስፋት ስለ ተለካ፣ ለገበሬዎች በቀጥታ ከሚሰጠው ገንዘብ ከመቶ ሰማንያ ያህሉ ከመቶ ሃያ ለሚሆኑት ተቀባዮች ሲደርስ ኖሯል። ብዙ ያለው ብዙ ተጨመረለት።

የዕዳ ሁለተኛው ሕግ የራስን ዕዳ በሌላ ሰው ገንዘብ አለመክፈል ነው። ባለጸጎች አገሮች የጥጥ አምራቾቻቸውን ሲደጉሙ ምርታቸው በዓለም ገበያ በርካሽ ይፈስሳል፤ የዓለሙም ዋጋ ይወርዳል። በ2003 ቤኒን፣ ቡርኪና ፋሶ፣ ቻድና ማሊ ይህንን በደል ለዓለም የንግድ ድርጅት አቤት ብለዋል። የማሊ ጥጥ አምራች በእጁ ለቅሞ ያወጣው ጥጥ፣ ማዶ ባለው ግምጃ ቤት ምክንያት ዋጋ አጣበት። ብራዚል ግን በ2002 አሜሪካን ከሳ ስለ ተረታችላት፣ በ2014 በተደረገው ስምምነት 300 ሚሊዮን ዶላር ተቀብላለች። አራቱ የአፍሪካ አገሮች እንዲህ ያለ ክፍያ አላገኙም። የራስን ገበሬ መርዳት መልካም ነው፤ የጎረቤትን ገበሬ አጥር አፍርሶ የራስን ማጠር ግን ወንፈል አይባልም።

ሦስተኛው ነገር ርዳታው ተቀባዩን የሚያቆመው ነው ወይስ የሚያስተኛው የሚል ነው። አበው በሬን ሣሩን አይተህ ገደሉን አላየህም ብለው የወቀሱት ለሰውም ይሠራል። ማላዊ ከ2005 ድርቅ በኋላ ለድሀ ገበሬዎቿ በኩፖን ርካሽ ማዳበሪያና ዘር አደለች፤ በተከታዩ ዓመት የበቆሎ ምርቷ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ይህ ለምለሙ ሣር ነው። በ2008 የማዳበሪያ ዋጋ በዓለም ገበያ ሲንር ግን ሸክሙ በመንግሥቱ ላይ እጅግ ከበደ። በሕንድም የዩሪያ ዋጋ በድጎማ ከሌላው ማዳበሪያ ሁሉ ርካሽ ሆኖ ስለ ቈየ፣ ገበሬው እርሱን ብቻ አብዝቶ እየጨመረ የአፈሩን ሚዛን እንዳዛባ ይታወቃል። ርካሽ የሆነ ነገር ሁልጊዜ የሚያስፈልግ ነገር አይደለም። በአገራችን ከሚታረሰው መሬት ከመቶ አርባ የማያንሰው በአሲድ የተጠቃ ነው፤ እንዲህ ላለው መሬት ኖራ ሳያገኝ ማዳበሪያ ብቻ ቢጨመርለት የሚሰጠው ጥቅም ጥቂት ነው። ስለዚህ ገበሬውን እንረዳለን የሚል ሁሉ አስቀድሞ መሬቱን መጠየቅ አለበት።

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ እንመለስ። አገራችን እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ የምትጠቀምበትን ማዳበሪያ በሙሉ ከውጭ ስትገዛ ኖራለች፤ ስለዚህ በሩቅ አገር የሚነሣ ጦርነት የጎጃምንና የአርሲን ገበሬ ማሳ ይነካል። በ2014 ዓ.ም. የሩሲያና የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር አስቀድሞ የወጣው የማዳበሪያ ዋጋ ይብሱን አሻቀበ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ምንዛሬ ለገበያ ሲለቀቅ፣ ከ57 ብር ጥቂት ከፍ ብሎ የነበረው የዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ተነሥቶ የነበረው የማዳበሪያ ድጎማ በእነዚህ ዓመታት እንደ ገና የተመለሰው በዚህ ምክንያት ነው። ገበሬው ጦርነቱን አልጀመረውም፤ የምንዛሬውንም ልክ አልቈረጠም። ባላጠፋው ጥፋት ብቻውን እንዲቀጣ መተው ፍትሕ አይሆንምና ድጎማው ተገቢ ነበር።

ነገር ግን እዚህ ላይ የእኛ፣ የመንግሥት ሠራተኞች፣ ድርሻ ይመጣል። ድጎማ በዐዋጅ ቢወሰንም ገበሬው ዘንድ የሚደርሰው በጸሐፊ እጅ፣ በመጋዘን ጠባቂ ቍልፍ፣ በኅብረት ሥራ ማኅበር መዝገብ በኩል ነው። ማዳበሪያ ቀን አለው፤ ዘር መሬት ከገባ በኋላ በሳምንታት ዘግይቶ የመጣ ከረጢት ለገበሬው ማዳበሪያ ሳይሆን የአንድ ዓመት ጸጸት ነው። የዕዳ ቀን እንደሚቈጠር ብናስብ ኖሮ፣ በወረቀት ላይ የሚያድረው ፊርማ ባላደረ ነበር። እንደዚሁም የሚያድለው ሰው የገንዘቡ ባለቤት አይደለም፤ መተላለፊያ ብቻ ነው። ቦይ ውኃውን «የእኔ ነው» ቢል ያስቃል። ገበሬን በፀሐይ አቁሞ ማመናጨቅ፣ ለዘመድ ማስቀደም፣ ከረጢቱን በጓሮ በር ለአትራፊ መሸጥ፣ ወይም የሚገባውን ሰጥቶ በምላሹ ውለታና አጨብጫቢነት መጠበቅ፣ እነዚህ ሁሉ ድጎማን ምጽዋት ነው ብሎ ከማሰብ የሚወለዱ ክፉ ልማዶች ናቸው። ባለዕዳ አበዳሪውን አያመናጭቅም።

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት መርሐ ግብር ከዚህ አንጻር የሚመሰገን አሳብ ነበረው። መሥራት የሚችለው እርከን እየሠራ፣ ኩሬ እየቈፈረ፣ ችግኝ እየተከለ ክፍያውን በጥሬ ገንዘብ ወይም በእህል ይቀበላል፤ ያረጀው፣ የታመመውና ረዳት የሌለው ደግሞ ያለ ሥራ ይሰጠዋል። ሠርቶ የሚቀበል ሰው ራቱን ይዞ ብቻ አይገባም፤ ክብሩንም ይዞ ይገባል። የሠራው እርከንም ለልጁ ይቀራል።

ወንፈል ነው ካልን ደግሞ የገበሬው ተራም ሊነገር ይገባል። በድጎማ የወሰደውን ማዳበሪያ ለማሳው ያውላል እንጂ ለነጋዴ አሳልፎ አይሸጥም። አፈሩን በእርከን ይጠብቃል፤ የወሰደውን ብድር አዝመራ ሲገባ ይመልሳል፤ ከባለሙያ የሰማውን ይሞክራል፤ እርሱም የሚያውቀውን ለባለሙያው ይነግራል። ይህ ሁሉ የአገልጋይ ግዴታ አይደለም፤ የእኩያ ግዴታ ነው።

በመጨረሻ አንድ ከባድ ተቃውሞ ይቀራል። ኒው ዚላንድ በ1984 የእርሻ ድጎማዋን በአብዛኛው በአንድ ጊዜ ስታነሣ፣ ገበሬዎቿ ይጠፋሉ ተብሎ ተፈርቶ ነበር፤ ነገር ግን አብዛኛዎቹ ጸንተው፣ አሠራራቸውን አሻሽለው ቀሩ። ታዲያ ድጎማ ለምን ያስፈልጋል? መልሱ እንዲህ ይመስለኛል። ያ ገበሬ ሰፊ መሬት፣ ጥርጊያ መንገድ፣ ባንክ፣ ቀዝቃዛ መጋዘንና የተደራጀ የውጭ ገበያ ነበረው፤ ተራው ቀድሞ ተመልሶለታል ማለት ነው። የእኛ አራሽ ግን መንገዱ በክረምት ይቈረጥበታል፤ እህሉን ነቀዝ ይበላበታል፤ ብድር ሲፈልግ አራጣ ይጠብቀዋል። ዕዳው ያልተከፈለውን ሰው «ዕዳው የተከፈለው ሰው አይጠይቅምና አንተም አትጠይቅ» ማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ ከዚያ ታሪክ የምንወስደው ቁም ነገር አለ፤ ዕዳ ተከፍሎ የሚያልቅ ነገር ነው። መንገዱ ሲሠራ፣ ጎተራው ሲሻሻል፣ ብድሩ በቅን ወለድ ሲገኝ፣ ሚዛኑ ሳይሰረቅ ሲመዘን፣ የከረጢት ድጎማ እያነሰ መሄድ ይገባዋል። ማለቂያ የሌለው ድጎማ ዕዳውን ሳይሆን ወለዱን ብቻ እየከፈለ የሚኖር ሰው ሥራ ነው።

እንግዲህ ለገበሬ የሚሰጥ ማናቸውም ድጎማ በሦስት ጥያቄ ቢመዘን መልካም ነው። ለሚያርሰው ደረሰ ወይስ በስሙ ሌላው ተጠቀመበት? በቀኑ ደረሰ ወይስ ዘር ካለፈ በኋላ? አቆመው ወይስ አስተኛው? ሦስቱንም በደኅና ያለፈ ድጎማ አገር ከአራሹ ጋር የገባችውን ወንፈል የምታደርስበት ሥራ ነው። አንዱን የወደቀ ግን፣ ብዛቱ በቢሊዮን ቢቈጠርም፣ ዕዳው ገና በመዝገብ ላይ እንዳለ ነው።